ጊዜውን ራሱ የሚናገር ፈሳሽ

በትምህርት ቤት ላቦራቶሪ የሚወደድ አንድ ትርኢት አለ። ውሃ የመሰሉ ሁለት ፈሳሾች አንድ ቢከር ውስጥ ይቀላቀላሉ። ምንም አይታይም። ተማሪው ቢከሩን፣ መምህሩ ሰዓቱን ያያል። ግማሽ ደቂቃ ያልፋል፤ ከኋላ የተቀመጡት ማጉረምረም ይጀምራሉ። ከዚያ ማንም ምንም ሳይጨምርበት ፈሳሹ ከዳር እስከ ዳር ባንዴ ጥቁር ሰማያዊ ይሆናል። ክፍሉ ይንጫጫል። «አዮዲን ክሎክ» ተብሎ ደብተር ላይ ይሰፍራል፤ ዕቃው ይታጠባል፤ ወደሚቀጥለው ርዕስ ይታለፋል።

በትርኢቱ ላይ ቅሬታ የለኝም። ቅሬታዬ ሳይነገር ስለሚቀረው ነው። ይህ ሙከራ መጀመሪያ ሲጠነሰስ ሰው ለማስደነቅ አልታሰበም። አንድ ሪአክሽን በምን ፍጥነት እንደሚሄድ፣ ያ ፍጥነትም በምን ሕግ እንደሚገዛ በእጅ፣ በዓይንና በግድግዳ ሰዓት ለማወቅ የተሠራ መሣሪያ ነበር። መሣሪያ ስል ብረትና መስታወቱን ማለቴ አይደለም፤ እነሱ በየላቦራቶሪው የሚገኙ ተራ ዕቃዎች ናቸው። መሣሪያው የአሠራሩ ቅደም ተከተል ነው። በ1860ዎቹ ኦክስፎርድ ውስጥ የተቀረጸውን ይህን ቅደም ተከተል በቅርብ ማየት፣ ጥሩ አንጥረኛ የሠራውን መስቀል አገላብጦ እንደማየት ነው፤ የጀርባው ሥራ ከፊቱ አያንስም።

የሪአክሽንን ፍጥነት መለካት ለምን እንደሚያስቸግር ለማየት ፍልስፍና አያስፈልግም፤ አንድ ጊዜ መሞከር ይበቃል። በየደቂቃው ከፈሳሹ ትንሽ ትንሽ እየቀዱ «ስንት ቀረ?» ብሎ መመርመር ይቻላል። ነገር ግን የተቀዳውም ናሙና ሥራውን አያቆምም፤ እየተመረመረ ይለወጣል። ስለዚህ ናሙናውን በሆነ ነገር ቀጥ ማድረግ ያስፈልጋል፤ ቀጥ ያለበትን ቅጽበት በትክክል ማወቅም ሌላ ጣጣ ነው። በዚያ ላይ በተቀዳ ቁጥር ዋናው ፈሳሽ ይቀንሳል፣ ይናወጣል፣ ሙቀቱም ይዛባል። ለካሁ ባዩ የሚለካውን ነገር እያወከ ነው የሚለካው።

በ1850 ጀርመናዊው ሉድቪግ ቪልሄልሚ ይህን ጣጣ በብርሃን ዘለለው። የሸንኮራ ስኳር አሲድ ባለበት ውሃ ውስጥ ቀስ በቀስ ወደ ግሉኮስና ፍሩክቶስ ይሰነጠቃል። ስኳሩ ከመሰንጠቁ በፊት በውስጡ የሚያልፈውን ፖላራይዝድ ብርሃን ወደ ቀኝ ይጠመዝዛል፤ ከተሰነጠቀ በኋላ የሚገኘው ድብልቅ ደግሞ ወደ ግራ። ቪልሄልሚ ፈሳሹን ሳይነካ በፖላሪሜትር እያየ ማዕዘኑን ከሰዓቱ ጋር መዘገበ። ያገኘውም ይህን ነው፦ በማንኛውም ቅጽበት ስኳሩ የሚጠፋበት ፍጥነት በዚያው ቅጽበት ከቀረው ስኳር ጋር ተመጣጣኝ ነው። ብዙ ሲኖር ቶሎ ቶሎ ይጠፋል፤ እያለቀ ሲሄድ ይዘገያል። ይህንንም በዲፈረንሻል ኢኩዌሽን ጻፈው። ዛሬ በክፍል ውስጥ «ፈርስት ኦርደር» የሚባለው ይኸው ነው። ሥራውን ልብ ያለው ሰው ግን አልነበረም። ቪልሄልሚ በ1864 ሞተ፤ ጽሑፉ ደግሞ በ1884 ቪልሄልም ኦስትቫልድ እስኪያነሳው ድረስ ተኝቶ ቆየ።

የቪልሄልሚ ዘዴ ንጹሕ ነው፤ የሚያገለግለው ግን ብርሃን ለሚጠመዝዝ ነገር ብቻ ነው። አብዛኛው ሪአክሽን እንዲህ ያለ ደግነት የለውም።

አውገስተስ ቨርነን ሃርኮርት በኦክስፎርድ ክራይስት ቸርች ኮሌጅ ኬሚስትሪ ያስተምር ነበር። በዚያው ኮሌጅ፣ በዚያው ዘመን ሒሳብ ያስተምር የነበረው ቻርልስ ዶጅሰን ነው፤ ሉዊስ ካሮል በሚለው የብዕር ስሙ ዓለም የሚያውቀው። ሃርኮርት ግን የሒሳብ አጋሩን ያገኘው ከሌላ ኮሌጅ ነው፤ የመርተኑን ዊልያም ኤሰንን። ሥራቸው የተከፋፈለ ነበር፤ አንዱ ይለካል፣ ሌላው ቁጥሮቹ የሚታዘዙለትን ሕግ ይፈልጋል። ሃርኮርት በልኬት ነገር የማይደራደር ሰው ነበር ማለት ይቻላል። ኋላ ላይ የብርሃንን መጠን ለማወዳደር የሚያገለግል፣ በፔንቴን የሚነድ መለኪያ መብራት ሠርቷል። ለቀዶ ሕክምና የሚሆን የክሎሮፎርም መተንፈሻም ሠርቷል፤ በሽተኛው በሚስበው አየር ውስጥ ያለው ክሎሮፎርም ከ2 በመቶ እንዳያልፍ የሚገድብ። ሁለቱም ዕቃዎች የሚያሳዩት አንድ ጠባይ ነው፤ «በርከት አድርገህ» ወይም «ቀነስ አድርገህ» በሚባለው ቦታ ላይ ቁጥር ካልገባ ሰውየው አያርፍም።

መጀመሪያ የያዙት የፖታሲየም ፐርማንጋኔትና የኦክሳሊክ አሲድን ሪአክሽን ነበር። ወይን ጠጁ ቀለም ስለሚጠፋ ለዓይን ይመቻል። ጠባዩ ግን ተንኮለኛ ነው፦ መጀመሪያ ይንፏቀቃል፣ መሃል ላይ ይሮጣል፣ መጨረሻ ላይ ይደክማል። ምክንያቱም በሪአክሽኑ የሚወለደው የማንጋኒዝ አዮን ሪአክሽኑን መልሶ ያፋጥነዋል። ሃርኮርትና ኤሰን በዚህም ብዙ ደከሙ፤ ኤሰን ተከታትለው ለሚሄዱ ሁለት ሪአክሽኖች የሚሆን ሒሳብ እስከ መቀመር ደረሰ። ነገር ግን ሕጉን ገልጦ የሚያሳይ ሌላ ሪአክሽን መፈለግ ነበረባቸው። ጥሩ ባለሙያ የሚታወቀው በዚህም ነው፤ እጁ የቱንም ያህል የሠለጠነ ቢሆን ዕንጨቱን ይመርጣል።

የመረጡት ሃይድሮጅን ፐሮክሳይድና አዮዳይድ ነው። አሲድ ባለበት ውሃ ውስጥ አንድ የፐሮክሳይድ ሞለኪውል ሁለት አዮዳይዶችን ወደ አንድ የአዮዲን ሞለኪውል ይለውጣል፤ ራሱም ውሃ ሆኖ ይቀራል። ሪአክሽኑ በደቂቃዎች የሚሄድ ነው፤ ሰዓት ይዞ ለሚጠብቅ ሰው አይፈጥንም፣ አያሰለችም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ብርጭቆው ውስጥ አሲድ፣ በርከት ያለ ፖታሲየም አዮዳይድና ጥቂት ስታርች ይገባሉ። ሙቀቱ እንዳይዋዥቅ ይጠበቃል። በውስጡ የካርቦን ዳይኦክሳይድ አረፋ ያለማቋረጥ ያልፋል። አረፋው ሁለት ሥራ አለው፤ ፈሳሹን ያማስላል፣ አየሩንም ያስወጣል። አሲድ ውስጥ ያለን አዮዳይድ የአየሩ ኦክስጅንም በራሱ ጊዜ ወደ አዮዲን ሊለውጠው ይችላልና ካልተባረረ ሒሳቡን ያበላሻል። ከዚያ በጥንቃቄ የተለካ አንድ ድርሻ ሶዲየም ታዮሰልፌት፣ ቀጥሎም የተለካ ፐሮክሳይድ ይገባል።

ሪአክሽኑ ጀመረ። አዮዲን ገና ሲወለድ ታዮሰልፌቱ ይይዘውና መልሶ አዮዳይድ ያደርገዋል። ይህ ሁለተኛው ሪአክሽን ከመጀመሪያው አንጻር ምንም ጊዜ አይፈጅም። ስለዚህ ታዮሰልፌት እስካለ ድረስ ነጻ አዮዲን የለም፤ ስታርቹም እንደ ነጣ ይቆያል። ታዮሰልፌቱ ያለቀ እንደሆነ ግን ቀጣዩ አዮዲን ከስታርቹ ጋር ይገናኛል፤ ብርጭቆው ሰማያዊ ይሆናል። ሰዓቱ ይመዘገባል። ወዲያው ሌላ እኩል ድርሻ ታዮሰልፌት ይጨመራል። ሰማያዊው ይጠፋል፤ ፈሳሹ እንደገና ውሃ ይመስላል። ውስጥ ውስጡን ግን ሪአክሽኑ ለአፍታም አልቆመም። እንደገና ሰማያዊ፤ እንደገና ሰዓት፤ እንደገና ድርሻ።

ተማሪ የሚያየው የመጀመሪያውን ሰማያዊ ብቻ ነው። የሥራው ጥበብ ያለው ከሁለተኛው ጀምሮ ነው።

አዮዳይዱን እንይ። ሪአክሽኑ አዮዳይድን ይበላል፤ ታዮሰልፌቱ ደግሞ የተበላውን በሙሉ ይመልሳል። ስለዚህ የአዮዳይዱ መጠን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ከሞላ ጎደል አይነካም። አሲዱ ብዙ ስለሆነ ከእሱ የሚጎድለው ከቁጥር አይገባም። ውሃው ያው ነው፣ ሙቀቱ ያው ነው። በብርጭቆው ውስጥ እየቀነሰ የሚሄድ አንድ ነገር ብቻ ይቀራል፦ ፐሮክሳይዱ። የኪኔቲክስ መምህራን «አንዱን ብቻ ለውጥ፣ ሌላውን ያዝ» እያሉ የሚወተውቱት ደንብ እዚህ በትእዛዝ አልተከበረም፤ ፈሳሹ ራሱ እንዲያከብረው ተደርጎ ተሰናድቷል።

የታዮሰልፌቱ ድርሻ ደግሞ ጠንከር ካለ ብጥብጥ የሚወሰድ ትንሽ ጠብታ ነው። ቀጠን ያለ ቢሆን ኖሮ በየጊዜው ሲጨመር የፈሳሹ መጠን እያደገ፣ ሁሉም ነገር እየሳሳ፣ ፍጥነቱም ያለ ጥፋቱ እየወረደ ይሄድ ነበር። ትንሽ ነገር ትመስላለች። ሙከራ የሚበላሸው ግን በእንዲህ ያለው ነው።

ከሁሉ በላይ እኔን የሚማርከኝ የዓይኑ ጉዳይ ነው። ስታርች በጣም ጥቂት አዮዲን ይለያል፤ ያም ሆኖ ዓይን «ሰማያዊ ሆነ» ከማለቱ በፊት ጥቂት አዮዲን መጠራቀም አለበት። የአንዱ ዓይን ከሌላው ይለያል፤ በጠዋት ብርሃንና በመሸ ጊዜም አንድ አይደለም። ይህ ስህተት አይደለም ወይ? ነው፤ ግን ራሱን ያጣፋል። በመጀመሪያው ሰማያዊ ላይ የተጠራቀመችውን ያቺን ጥቂት አዮዲን አዲሱ ድርሻ ይበላታል። በሁለተኛው ሰማያዊ ላይ ደግሞ ያቺው መጠን እንደገና ትጠራቀማለች። ከሰማያዊ እስከ ሰማያዊ ሲቆጠር መነሻውም መድረሻውም እኩል ስለሆነ፣ በመካከል የተሠራው አዮዲን ከአንድ ድርሻ ታዮሰልፌት ጋር ልክ ለልክ ይሆናል። ያው ሰው በዚያው ብርሃን እስካየ ድረስ ዓይኑ ደከም ያለ ቢሆንም ሒሳቡ አይናጋም።

እጁም እንዲሁ ነው። ሰማያዊው መጣ፤ ሰውየው ሰዓቱን ጻፈ፤ ድርሻውን ለመጨመር 3 ሰከንድ ዘገየ እንበል። ምንም አይደለም። በእነዚያ 3 ሰከንዶች የተሠራው አዮዲን የትም አልሄደም፤ ብርጭቆው ውስጥ አለ፤ ድርሻው ሲገባ መጀመሪያ የሚበላው እሱን ነው። የሚቀጥለው ሰማያዊ የሚመጣበት ጊዜ የሚወሰነው እስካሁን በገባው ታዮሰልፌት ድምር ነው፤ ድርሻው በገባበት ሰከንድ አይደለም። ትክክለኛነት የሚጠየቀው በሁለት ቦታ ብቻ ነው፤ ድርሻውን በመለካትና ሰዓቱን በማንበብ። የቀረውን ሁሉ አሠራሩ ይቅር ይላል። ሰውን የሚያውቅ አሠራር ማለት ይህ ነው።

አሁን ቁጥር እንስጠው። ቁጥሮቹ ለማስረዳት የተመረጡ ናቸው፤ ከሃርኮርት መዝገብ የተወሰዱ አይደሉም። አንደኛው ሰማያዊ ታይቶ መቁጠር ስንጀምር የቀረው ፐሮክሳይድ ለ10 ድርሻ ታዮሰልፌት የሚበቃ ይሁን፤ ግማሹ ለማለቅም 10 ደቂቃ ይፍጅ። ፍጥነቱ ከቀረው ጋር ተመጣጣኝ ከሆነ በሰማያዊና በሰማያዊ መካከል የሚያልፈው ጊዜ በሰከንድ እንዲህ ይሆናል፦ 91፣ 102፣ 116፣ 133፣ 158፣ 193፣ 249፣ 351፣ 600።

እነዚህን ዘጠኝ ቁጥሮች ዝም ብሎ ላለፋቸው እየረዘሙ የሚሄዱ ቁጥሮች ናቸው። እስኪ እንደምራቸው። ከ10 ድርሻ ወደ 5 ለመውረድ የፈጀው 91፣ 102፣ 116፣ 133 እና 158 ነው፤ ድምሩ 600። ከ8 ወደ 4፦ 116፣ 133፣ 158፣ 193፤ ድምሩ 600። ከ6 ወደ 3፦ 158፣ 193፣ 249፤ አሁንም 600። ከ4 ወደ 2፦ 249 እና 351፤ 600። ከ2 ወደ 1፦ ብቻዋን 600። ከየትም ይጀመር፣ ግማሹ የሚያልቀው በዚያው 10 ደቂቃ ነው። «ሃፍ ላይፍ በፈርስት ኦርደር ሪአክሽን ከመነሻው መጠን ጋር አይገናኝም» የሚለው የመማሪያ መጽሐፍ ዓረፍተ ነገር ይህን ነው የሚያወራው። በቃል ሲሸመደድ ግዑዝ ነው፤ ደምሮ ላገኘው ግን ሌላ ነገር ነው።

አሥረኛው ድርሻስ? አሥረኛው ሲገባ የቀረው ፐሮክሳይድ ልክ ለሱ የሚበቃ ስለሆነ በሒሳቡ መሠረት ሰማያዊው አይመጣም። ትዕግሥተኛ ተማሪ ካለ ይጠብቅ።

ዝርዝሩ ሌላም ነገር ያሳያል። ሕጉ መነሻ አይጠይቅም። ፈሳሾቹ በተቀላቀሉባት የመጀመሪያዋ ሰከንድ ምን እንደሆነ ማንም በትክክል አያውቅም፤ አንዱ ጥግ ተቀላቅሎ ሌላው ገና ነው። በዚህ አሠራር ግን ያቺን የተምታታች ሰከንድ መተውና ከመጀመሪያው ሰማያዊ መቁጠር ይቻላል። የጠፋ ነገር የለም፤ የቀረው ሁሉ የሚታዘዘው ለዚያው ሕግ ነው። በክፍል ውስጥ በምንሠራው የአንድ ጊዜ ትርኢት የምንለካው በተቃራኒው ያችኑ የተምታታችውን መነሻ ጨምረን ነው።

ኤሰን ቁጥሮቹን ሲያይ የቀረው ፐሮክሳይድ ሎጋሪዝም ከጊዜው ጋር ቀጥ ባለ መስመር እንደሚወርድ አገኘ። የመስመሩ ድፋት ዛሬ ሬት ኮንስታንት የምንለው ነው። በዚህ ብርጭቆ ውስጥ ግን ያ ኮንስታንት አዮዳይዱንም በሆዱ ይዟል። አዮዳይዱ እጥፍ ተደርጎ ሙከራው ሲደገም ድፋቱም እጥፍ ይሆናል፤ ሰማያዊዎቹ በግማሽ ጊዜ ይመጣሉ። ፍጥነቱ እንግዲህ ከፐሮክሳይዱም ከአዮዳይዱም ጋር ተመጣጣኝ ነው፤ ለእያንዳንዳቸው ፈርስት ኦርደር፣ በጠቅላላው ሰከንድ ኦርደር።

ተማሪ የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው። የተመጣጠነው ኢኩዌሽን ለአንድ ፐሮክሳይድ ሁለት አዮዳይድ ይላል። ታዲያ አዮዳይዱ እጥፍ ሲሆን ፍጥነቱ አራት እጥፍ መሆን አልነበረበትም? አልሆነም። ኢኩዌሽኑ ስንት ገብቶ ስንት እንደወጣ ይመዘግባል እንጂ ማን ከማን ጋር በምን ተራ እንደተገናኘ አያውቅም። እዚህ መጀመሪያ የሚገናኙት አንድ ፐሮክሳይድና አንድ አዮዳይድ ናቸው። ይህ እርምጃ ዘገምተኛ ነው። ከዚህ የሚወለደው ሃይፖአዮደስ አሲድ ሁለተኛውን አዮዳይድ ሲያገኝ ወዲያው አዮዲን ይሆናል። ሁለተኛው አዮዳይድ የሚገባው አስቸጋሪው ካለፈ በኋላ ስለሆነ ፍጥነቱን አይወስንም። ስለዚህ የሪአክሽን ኦርደር በወረቀት አይሰላም፤ ላቦራቶሪ ተሄዶ ይጠየቃል። መልሱ ሲገኝ ደግሞ ማንም በዓይኑ ያላየውን የእርምጃዎች ተራ ይጠቁማል። አንድ ብርጭቆ፣ ጥቂት ጠብታና አንድ ሰዓት እዚህ ድረስ ማድረሳቸው እስካሁን ያስደንቀኛል።

በነዚያው ዓመታት ኖርዌይ ውስጥ ጉልበርግና ቮግ የተባሉ ሁለት ሰዎች፣ በ1864፣ ፍጥነትን ከነገሮቹ መጠን ጋር የሚያያይዘውን የማስ አክሽን ሕግ በሀገራቸው ቋንቋ አሳትመው ነበር፤ ያነበበው ጥቂት ነው። ቫንት ሆፍ በ1884 ነገሩን ሁሉ አሰባስቦ የኪኔቲክስን መልክ እስኪያስይዝ ድረስ ሥራው በየቦታው ተበታትኖ ነበር።

ወደ ሙቀት እንሂድ። ሃርኮርት ብርጭቆውን አሞቀ፣ አቀዘቀዘ፤ በየ10 ዲግሪው ፍጥነቱ ወደ እጥፍ እንደሚጠጋ አየ። ይህ ቁጥር በመጽሐፍ ሁሉ ስለሚገኝ እንግዳ መሆኑ ተረስቷል። ከ20 ወደ 30 ዲግሪ ሴልሺየስ ስንወጣ የሞለኪውሎቹ አማካይ ኃይል የሚጨምረው 3 በመቶ ተኩል ያህል ብቻ ነው፤ የሚፈጥኑትም ከ2 በመቶ ባነሰ ነው። ሦስት በመቶ ገብቶ መቶ በመቶ የሚወጣው እንዴት ነው? በ1889 ስቫንቴ አሬኒየስ የሰጠው መልስ ዛሬም የምናስተምረው ነው። ግጭት ሁሉ ፍሬ የለውም። ፍሬ የሚያፈራው አክቲቬሽን ኢነርጂ የሚባለውን ደፍ ለመሻገር የሚበቃ ኃይል ይዘው የተጋጩት ናቸው። ለዚህ ሪአክሽን ደፉ በሞል 56 ኪሎጁል ገደማ ነው። በ25 ዲግሪ ይህን ያህል ኃይል የሚያገኙት ከ10 ቢሊዮን አንድ ወይም ሁለት ቢሆኑ ነው። አማካዩ ትንሽ ሲገፋ በጣም የሚበዙት እነዚህ ከዳር ያሉት ጥቂቶች ናቸው፤ ሥራውንም የሚሠሩት እነሱ ናቸው። (አዲስ አበባ ላይ ውሃ 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሚፈላ ሽምብራ ከጅቡቲ ይልቅ ረዘም ያለ ጊዜ የሚፈልገው በዚሁ ምክንያት ነው። ስምንት ዲግሪ ቀላል አይደለችም።)

ሃርኮርትና ኤሰን ግን የአሬኒየስን መንገድ አልተከተሉም፤ የራሳቸው ቀመር ነበራቸው። በሁለት ሙቀቶች ላይ ያሉት ፍጥነቶች ውድር የአብሶሉት ሙቀቶቹ ውድር በአንድ ቋሚ ቁጥር ፓወር ከፍ ሲል የሚገኘው ነው አሉ። ቀመሩን ሲያበጁ ሪአክሽን ፈጽሞ የሚቆምበት ሙቀት የት እንደሆነ አስቀድመው አልወሰኑም፤ ከቁጥሮቻቸው ፈለጉት። ያገኙት ከዜሮ በታች 272.6 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው። ፊዚክስ በጋዞች በኩል ሄዶ ያገኘው አብሶሉት ዜሮ ዛሬ ከዜሮ በታች 273.15 ነው። ልዩነቱ ከአንድ ዲግሪ በታች! ስታርች እያየ ሰዓት የሚጽፍ ሰው እዚህ መድረሱ ለልኬቱ ጥራት የሚሰጥ ምስክርነት ነው።

ለቀመሩ ግን ያን ያህል ማዘንበል አልችልም። ያ ፓወር ምን ማለት እንደሆነ ማንም ሊነግረን አልቻለም፤ የአሬኒየስ ቀመር ደግሞ ደፍ የሚባል ሊጨበጥ የሚችል ሐሳብ ሰጠን። ሁለቱም ሙከራ በሚደረግበት ጠባብ የሙቀት ክልል ውስጥ ቁጥሮቹን እኩል ይገልጻሉ ማለት ይቻላል፤ ያሸነፈው የሚያስረዳው ነው። ሁለቱ ሰዎች እስከ 1912 ድረስ አልለቀቁትም። የመጨረሻውን ጽሑፍ ሲያወጡ ሃርኮርት 77፣ ኤሰን 74 ዓመት ገደማ ነበሩ። ቀመሩ ቀርቷል። ልኬቱ ግን አልቀረም፤ ማንም ሰው በአሬኒየስ ቀመር ቢያሰላው አክቲቬሽን ኢነርጂውን ያወጣለታል።

የስታርቹ አሠራር ገደብ አለው። ሪአክሽኑ ከሰው እጅ ከፈጠነ አይሆንም። ለዚያ በ1923 ሃርትሪጅና ራፍተን ካምብሪጅ ውስጥ ሁለት ፈሳሾችን በቱቦ እያስሮጡ ጊዜን በርቀት መለካት ጀመሩ፤ ከነሱ በኋላ አይገን፣ ኖሪሽና ፖርተር በ1967፣ ግብፅ የተወለደው አሕመድ ዘዌይል በ1999 የኖቤል ሽልማት ያገኙት ይበልጥ እየፈጠኑ የሚሄዱ ሪአክሽኖችን በመያዝ ነው። ዘዌይል የደረሰበት ፌምቶሰከንድ፣ የአንድ ሰከንድ ሚሊዮንኛ ቢሊዮንኛ ነው። እዚያ ያለው ጥበብ የሌዘር ጥበብ ነው፤ በየትምህርት ቤቱ የሚደርስ አይደለም።

የሃርኮርት ግን ይደርሳል። የ11ኛ ክፍል ተማሪ ለአንዱ ትርኢት የሚጠቀምበት ዕቃ ለአሥሩም ይበቃዋል። ታዮሰልፌቱን ጠንከር አድርጎ መበጥበጥ፣ በትንሽ ፒፔት ወይም በሲሪንጅ እኩል እኩል መጨመር፣ አንዱ ሰዓት ሲያነብ ሌላው መጻፍ። የካርቦን ዳይኦክሳይዱ አረፋ ካልተገኘ ፈሳሹን በእርጋታ ማማሰል ነው፤ ውጤቱ ትንሽ ይጎድላል እንጂ አይጠፋም። ስታርቹ የዕለቱ ይሁን፤ የሰነበተ ስታርች ሰማያዊ ከመሆን ይልቅ ወደ ቡናማ ይወስደዋል። ቴርሞሜትሩ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ብርጭቆው ውስጥ ይቆይ፤ ሁለት ዲግሪ ብታመልጥ ፍጥነቱን አሥራ አምስት በመቶ ያህል ከፍ ወይም ዝቅ ታደርገዋለች።

ፐሮክሳይዱም ጠርሙሱ ተከፍቶ ከቆየ ይደክማል። ለ10 ድርሻ ይበቃል የተባለው ለ8 ብቻ ሊበቃ ይችላል። እንዲህ ከሆነ በላይ የተደረደረው ዝርዝር ከ91 ፈንታ ከ116 ይጀምራል፤ ከዚያ ወዲያ ያሉት ቁጥሮች አንዳቸውም አይለወጡም።